የጅብ ሰዓት

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የገባሁ ሰሞን ጎረቤቶቼ ሁለት ምክር ሰጡኝ። አንደኛው ስለ ውኃ ነበር፤ «በርሜል ግዢ።» ሁለተኛው ስለ ጅብ፤ «ከመሸ በገደሉ በኩል እንዳታልፊ።» ስለ ውኃው ወዲያው አመንኳቸው። ስለ ጅቡ ግን ሳቅሁ።

ፒያሳ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ጅብ ለእኔ አያቴ ማታ ማታ የሚያወሩልን አያ ጅቦ ነው። ሁሌ የሚርበው፣ ሁሌ የሚቸኩለው፣ እመት ጦጣ ሁሌ ጉድ የምትሠራው። ከእሱ ጋር በአንድ ሰፈር እኖራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

በሦስተኛው ሌሊት ሰማሁት። የወጥ ቤቴ መስኮት ወደ ገደሉ ነው የሚያየው። ከገደሉ ማዶ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከባሕር ዛፉ በላይ ተራራው። ድምፁ ከታች ይጀምርና እየተሳበ ይወጣል፤ «ውውው...ኡፕ»። አንዴ ብሎ አይተውም፤ ስድስት ሰባት ጊዜ ይደጋግመዋል። ከዚያ ጸጥ። ልክ ጸጥ ሲል የሰፈሩ ውሻ በሙሉ ተነስቶ መጮህ ይጀምራል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ለማሽሟጠጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ እንዳለ የታየ ነገር ነው።

እናቴ ከጎን ክፍል «በስመ አብ!» ስትል ተሰማኝ።

ችግሩ እኔ በጨለማ የምወጣ ሰው መሆኔ ነው። ሥራዬ ሜክሲኮ ነው። ታክሲ ለማግኘት ከ11 ሰዓት ተኩል በፊት ሰልፍ ላይ መቆም አለብኝ። ከብሎካችን እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ ኮብልስቶን ነው። የመብራት ምሰሶ አለው፤ መብራት የለውም። የመጀመሪያዎቹን ወራት በአንድ እጄ የስልኬን ባትሪ፣ በሌላው ድንጋይ ይዤ ነው የሄድኩት። ድንጋዩን ቦርሳዬ ውስጥ ረስቼ ቢሮ ድረስ ይዤው የገባሁበት ቀን አለ። ጥበቃው ቦርሳዬን ሲፈትሽ አየው። ምንም አልጠየቀኝም። እሱም ሱሉልታ ነው የሚኖረው።

አንድ የኅዳር ማለዳ ፊት ለፊት ተገናኘን። ከእኔ ሃያ እርምጃ ያህል ይርቃል። ከቆሻሻ ገንዳው በኩል መጥቶ መንገዱን አቋርጦ ወደ ገደሉ ሊወርድ ነው። ትከሻው ከፍ ብሏል፣ ዳሌው ወርዷል። ሲራመድ ያነክሳል ትላላችሁ። አያነክስም፤ የፊት እግሩ ከኋላው ስለሚረዝም ነው። «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» ያሉት ሰዎች ይህንን አይተው ነው። አፉ ላይ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሏል። ከገበያ የሚመለስ ሰው ይመስል ነበር። ባትሪዬን ሳበራበት ዓይኑ አረንጓዴ ሆኖ በራ። ቆመ። እኔም ቆምኩ። ከዚያ አንድ ሥራ የቀረበት ይመስል ፊቱን አዙሮ ወረደ።

ፌስታሉን የማውቀው መሰለኝ። ማታ ከእኛ ፎቅ የወጣ ነው።

ሲነጋ የብሎካችንን ጥበቃ አዋየኋቸው። ሁላችንም ሻምበል እንላቸዋለን። በውትድርና ዘመናቸው ሃምሳ አለቃ ነበሩ፤ ማዕረጉን የጨመርንላቸው እኛ ነን፣ እሳቸውም አልተቃወሙም። የሰላሌ ሰው ናቸው። ጅብን «ዋራቤሳ» ይሉታል፣ ደግሞም እንደ ጎረቤት ነው የሚያወሩለት።

«ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?» አልኳቸው። ሰዓቱን ካወቅሁ እሸሸዋለሁ ብዬ ነው።

«ጅብ የራሱ ሰዓት የለውም፣ ልጄ» አሉኝ። «የእናንተን ሰዓት ነው የሚያየው።»

ማብራሪያ አልጨመሩም። ሻምበል አንድ ነገር ከተናገሩ በኋላ ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፤ አለቀ ማለት ነው።

ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ያልተመዘገበ ነገር ሰላም አይሰጠኝም። የዛሬ ሁለት ዓመት ጥር ላይ አንድ ያረጀ የሒሳብ መዝገብ አወጣሁና መስመር አሰመርኩበት። ቀን፣ ሰዓት፣ ድምፁ የመጣበት አቅጣጫ፣ በዚያ ቀን ቆሻሻ ተነስቷል ወይስ አልተነሳም። የወጥ ቤቱ መስኮት ሥር አስቀመጥኩት። እንቅልፍ ከሌለኝ እመዘግባለሁ። እንቅልፍ ከወሰደኝ ሻምበል ጠዋት ይነግሩኛል። እናቴ አንድ ቀን ደብተሩን አገላብጣ አየችና «አንቺ ልጅ፣ ባል አግብተሽ ቢሆን ይህ ሁሉ ባልመጣ» አለችኝ።

ሻምበል ከእኔ የሚበልጡት በድምፅ ነው። ጅቦቹን በየድምፃቸው ይለያሉ። አንዷ ስትጣራ ድምፅዋ መሀል ላይ ይሰበራል፤ ሳል እንደያዘው ሰው። «ያቺ ሳላሟ» ይሏታል። መጀመሪያ እያጋነኑ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳነብ የጅብ ጥሪ በእርግጥም እንደ ሰው ድምፅ ከአንዱ አንዱ ይለያል፤ እርስ በርስም በዚያ ነው የሚተዋወቁት። በጸጥተኛ ሌሊት እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሰማል። ለምን «እሷ» እንደሚሏት ጠየቅኋቸው። «ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። ሌሎቹ ይጠብቋታል» አሉ። ይህም ልክ ነው። በጅብ መንጋ ውስጥ ገዢዋ ሴቷ ናት። በአካልም ከወንዱ ትበልጣለች። ከሌላ መንጋ የመጣ ወንድ ከሁሉም ሴቶች በታች ነው የሚቆመው። የሴቷ ብልት የወንድ ስለሚመስል በብዙ አገር «ጅብ አንዴ ወንድ አንዴ ሴት ይሆናል» ሲባል ኖሯል። እናቴ ይህን ስነግራት ጆሮዋን ይዛ ወጣች።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። ጥር ላይ ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከአስፋልቱ በኩል ነበር። እዚያ ሥጋ ቤቶች አሉ። አጥንቱና የተራገፈው ነገር ማታ ከኋላ ይጣላል። ገንዳው ሞልቶ የሚያድርባቸው ሌሊቶች ደግሞ ከግቢያችን አጥር ሥር ይሰማል። የቅበላው ሳምንት ሲደርስ ደብተሬ ጠበበኝ። ሰው ሁሉ ሁዳዴ ሳይገባ ሥጋ ሊሰናበት ሥጋ ቤት ተሰልፏል። ጅቦቹም ተሰልፈዋል። በዚያ ሳምንት ያልተመዘገበ ሌሊት የለም።

ከዚያ ጾሙ ገባ። ሥጋ ቤቶቹ በራቸውን ዘጉ። አስፋልቱ ዳር ጸጥ አለ። «ሄዱ» ብዬ ደስ አለኝ። አልሄዱም። አቅጣጫቸውን ነው የቀየሩት። ድምፁ አሁን የሚመጣው ከታችኛው ሜዳ ነበር፤ ውኃና አሸዋ የሚጭኑት አህዮች ከሚያድሩበት።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ አህያ ተበላ። ባለቤቱ ለብሎካችን ውኃ የሚያመላልስልን ልጅ ነው። በአንድ ጉዞ 4 ጀሪካን ይጭናል። በዚያ ነው ቤት የሚከራየው፣ በዚያ ነው እናቱን የሚጦረው። ጠዋት ባዶ ገመድ ይዞ በራችን ላይ ቆሞ አገኘሁት። «አህያዬ የለችም» አለኝ፤ ሌላ ምንም አላለም። ከአህያዋ የተረፈው ሰኮናዋና ከሆዷ የፈሰሰው ፈርስ ነበር። ጅብ አጥንትም አይተውም፤ አድቅቆ ይፈጨዋል። ስለ ጅብ ጥሩ ጥሩ ነገር ልጽፍ ስቀመጥ ሁሌም የዚያ ልጅ ገመድ ይመጣብኛል። መምጣትም አለበት።

ደብተሬ ላይ ያየሁትን ነገር የእኔ ሰፈር ጉድ ብቻ መስሎኝ ነበር። አይደለም። በመቀሌ አቅራቢያ፣ እንደርታ ውስጥ፣ ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ ይህንኑ አጥንተውታል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። እንደ እኔ መስኮት ሥር አልተቀመጡም። የጅብ ኩስ ነው የሰበሰቡት፤ 553። ከሁዳዴ በፊት፣ በሁዳዴ ውስጥ፣ ከፋሲካ በኋላ። ከዚያ በውስጡ ያለውን ፀጉር እየለዩ የማን እንደሆነ አወቁ። የአህያ ፀጉር የተገኘበት ከጾሙ በፊት 14.8 በመቶ ነበር። በጾሙ ጊዜ 33.1 በመቶ ገባ። ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 በመቶ ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጾመኛው 55 ቀን ሥጋ ሲተው ከብትም በግም አይታረድም። ካልታረደ የሚጣል የለም። የሚጣል ከሌለ ጅቡ ራሱ ማደን ይጀምራል፤ በቅርብ ያለውና የሚቀለው ደግሞ አህያ ነው።

ሻምበልን ይህን ሳነብላቸው «ይህንን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ ገቡ?» አሉኝ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

በጾሙ አጋማሽ፣ አንድ እሑድ፣ ከሁለት የቢሮ ጓደኞቼ ጋር ወደ ተራራው ወጣን። በእግር መውጣት የጀመርኩት ለጤና ብዬ ነው፤ አሁን ለወሬ ሆኗል። ከኮንዶሚኒየሙ አጥር እስከ ባሕር ዛፉ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ባሕር ዛፉ በምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ ዛፍ ነው፤ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣት እሱ ነው፣ አልወቅሰውም። ግን ሥሩ ላይ ሌላ ነገር ብዙ አያስበቅልም። አልፎ አልፎ አንድ ብቻውን የቀረ ጥድ ወይም ወይራ ታያላችሁ። በሦስት ሰዓት መንገድ ውስጥ ያየነው የዱር እንስሳ ሁለት ሽኮኮ ነው። ጅብ በሌላ አገር የሜዳ አህያና አጋዘን ያባርራል። እዚህ ማንን ያባርር? ለዚህ ነው ወደ ገንዳችን የሚወርደው።

ከብት የሚጠብቅ ልጅ አገኘን፤ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። «የጅብ ቤት ላሳያችሁ?» አለን። ለማየት የፈለግሁት እኔ ነኝ፤ ጓደኞቼ ወደ ኋላ ቀሩ። ሸለቆው ላይ ከሚገኝ ቋጥኝ ሥር የተቆፈረ ጉድጓድ ነው። አፉ ላይ መሬቱ ተደልድሏል። ልጁ ከሩቅ አቆመኝ። «ግልገል አላት። አትቅረቢ» አለኝ፤ እንደ ትልቅ ሰው ክንዴን ይዞ። ግልገሎቹን አላየሁም። የጅብ ግልገል ሲወለድ ዓይኑ ተከፍቶ፣ ጥርሱ በቅሎ፣ ሰውነቱ ጥቁር ሆኖ ነው። ከዓመት በላይ ወተት ይጠባል። እናት የምታጠባው የራሷን ነው፤ እሷ ከቀረች የሌላው እናት አታነሳቸውም። ይህንን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ከጉድጓዱ ራቅ ብሎ ልጁ «ሽንት ቤታቸው» የሚለው ቦታ አለ። ቀልድ አይደለም፤ ጅብ የሚጸዳዳበት የታወቀ ቦታ አለው። መሬቱ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ተበትኗል። ሩቅ ሆናችሁ ብታዩት ኖራ የፈሰሰበት ይመስላል። አጎንብሼ አንዱን በእንጨት ነካሁት። ደርቋል፤ እንደ ጠመኔ ፍርፍር አለ። የነጣው ከበላው አጥንት የተነሳ ነው። ውስጡ ፀጉር አለ። አመድማ፣ አጭር፣ ጠንካራ ፀጉር። ሁለተኛውን ሰበርኩ፤ ያው አመድማ። ሦስተኛው ውስጥ ጥቁርና ጥቅልል ያለ ነበር፣ የበግ ይመስለኛል። አራተኛው እንደገና አመድማ። ከጎኑ ደግሞ አንድ የፀጉር ድብልብል ወድቋል፤ መፍጨት ያቃተውን ፀጉርና ሰኮና በአፉ መልሶ የሚተፋው ነው። ውስጡ የጥፍሬን ግማሽ የምታህል የሰኮና ስባሪ ነበረች። ጥቁርና ለስላሳ።

ያቺን ስባሪ በሶፍት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ። የውኃ ጫኙ ልጅ አህያ ትሁን የሌላ አላውቅም። ቤት ስደርስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። እናቴ ምን እንደሆነች ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«የጅብ ትፋት ቤቴ ውስጥ! ጠበል የሚረጭልሽ ሰው ትፈልጊያለሽ!» ሰኮናዋ በመስኮት ወጣች። ሶፍቱም።

እናቴን አልፈርድባትም። እሷ ያደገችው ቡዳ ማታ ማታ ጅብ ሆኖ ይሄዳል በሚባልበት ቀዬ ነው። ያ እምነት ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን ስንት ዘመን ሲያስገልል ኖሯል። ጅቡንም እንደዚያው። አሳዛኙ ነገር ሦስቱም ሰው ያለእነሱ የማይሆንለትን ሥራ የሚሠሩ ናቸው፤ አንዱ ድስቱን፣ አንዱ ማረሻውን፣ አንዱ ጥንቡን። ሐረር ላይ ሌላ ነው። እዚያ ጅብን በእጅ ያጎርሱታል፤ ስሙም ወራባ ነው። እናቴን ሐረር ልውሰድሽ ብያት እስካሁን መልስ አልሰጠችኝም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሳወራ እስካሁን ያናድደኛል። ሁለተኛ አህያ ተበላ። በማግስቱ ማን እንደወሰነው በማላውቀው ውሳኔ፣ ገንዳው አጠገብ መርዝ የተቀባ ሥጋ ተጣለ። ጠዋት ስወጣ አራት ውሻ ሞቶ ነበር። አንዱ ማታ ማታ ከታክሲ ወርጄ እስከ ብሎካችን የሚሸኘኝ ነው። አረፋ ደፍቆ፣ እግሩ ደርቆ። በሁለተኛው ቀን ውሾቹ የተጣሉበት ገደል ውስጥ ሁለት ጥንብ አንሳ ወድቀው አየን። ትንሹ ዓይነት ነው፤ ፊቱ ራቁቱን ሮዝ የሆነው፣ ቄራ አካባቢ ጣሪያ ላይ ተሰልፎ የምታዩት። ከዓለም ሊጠፉ ጫፍ ላይ ከደረሱት አእዋፍ አንዱ እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዚያ መዝገብ ገብቷል። ከሚገድሉት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ እንዲህ ያለው መርዝ ነው። እዚህ ሰው ለእሱ ብሎ አያስቀምጥም። ለሌላ ያስቀመጠውን ነው የሚበላው።

ጅብ ሞቶ አላየንም። ግን ሳላሟ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ዝም አለች። ሌሎቹ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ተመለሱ። እሷ የለችም። ደብተሬ ላይ ለእሷ የተውኩት ረድፍ ባዶውን ይወርዳል። ሻምበልን ስጠይቃቸው «አገር ቀይራ ይሆናል» ይላሉ። ጋቢያቸውን አያስተካክሉም።

የነዋሪዎች ስብሰባ ሲጠራ ወረቀት ይዤ ገባሁ። በሕይወቴ በስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም። መጀመሪያ ሕጉን አነበብኩ፤ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ አይገደልም፤ ጅብም የዱር እንስሳ ነው። ሰው አዛጋ። ከዚያ ቁጥር አወጣሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት መቀሌ ላይ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሞተ እንስሳና ትርፍራፊ ከከተማው እንደሚያነሱ አስልቷል። ይህ ባይነሳ ኖሮ በአባ ሰንጋና በከብት ቲቢ በዓመት 5 ሰውና 140 ከብት፣ በግና ፍየል ይያዝ ነበር። በገንዘብ 52,165 ዶላር። የመጨረሻውን ቁጥር ስጠራ ማዛጋቱ ቆመ። ዶላር የሚለው ቃል የትም ስብሰባ ላይ ያነቃል።

«ታዲያ ደሞዝ እንክፈለው?» አለ አንድ ሰው። ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ።

«ደሞዙን እየከፈልነው ነው» አልኩ። «ማታ ማታ በፌስታል። ጠዋት እንክፈለው ነው የምለው።»

ሐሳቤ ይኸው ነበር። ቆሻሻ ማታ አይውጣ፤ የማኅበሩ ልጆች ጋሪያቸውን ይዘው ሊመጡ ሲሉ ጠዋት ይውጣ። አህያዎቹ ደግሞ ሌሊት ሜዳ ላይ አይደሩ፤ ግቢያችን የመኪና ማቆሚያ ጥግ ይታሰሩ። የአህያው ጉዳይ ጦርነት አስነሳ። ሽታው፣ ፋንድያው፣ «ይሄ ኮንዶሚኒየም ነው ወይስ በረት?» ሲባል ሃያ ደቂቃ ሄደ። ያዳነኝ የውኃ ጫኙ ልጅ ነው። ሲነሳ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። «አህያ ከሌለኝ እኮ ውኃም የላችሁም» አለ። ተቀመጠ። እጅ ወጣ፤ አለፈ። የቀረውን አንድ ሰዓት ስለ ዲሽ ተከራከርን።

መርዙን ማን እንዳስቀመጠ አልተነሳም። ሁሉም የሚያውቅ ይመስለኛል።

ከስብሰባው በኋላ እስከ ፋሲካ ድረስ አህያ አልተበላም። እንዲህ ሆነ ማለቴ ነው እንጂ በእኔ ሐሳብ ነው እያልኩ አይደለም፤ ሦስት ሳምንት ለማንም ሒሳብ ሠራተኛ በቂ አይደለም። ግን አንድ ነገር ለራሴ ቀይሬያለሁ። ጅቡ ስንት ሰዓት ይመጣል ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ። ገንዳው ሞልቶ ያድራል? ሥጋ ቤት ክፍት ነው? ነገ በዓል ነው? ብዬ ነው የምጠይቀው። በሁዳዴ እናቴ ለኪዳን በሌሊት ስትወጣ ብቻዋን አትሄድም፤ የሦስት ብሎክ እናቶች ተጠባብቀው፣ ሻምበል ከፊት ዱላ ይዘው። ድንጋዩንም ከቦርሳዬ አውጥቻለሁ። አሁን አበባ ማስቀመጫው ሥር ነው።

የፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን በዘጠኝ ሰዓት ተመለስን። ጧፍ በእጃችን፣ ሰው እንደ ቀን መንገዱን ሞልቶታል። ሲነጋ ግቢው በሙሉ ማረድ ጀመረ። በየደረጃው ሥር በግ ተሰቅሏል። ልጅ ሆኜ ፒያሳ በዓል ማለት «ቆዳ! ቆዳ!» እያሉ የሚዞሩ ሰዎች ነበሩ፤ ቆዳውን ገና ትኩስ እያለ ነበር የሚገዙት። አሁን የሚጠራም የሚገዛም የለም። እስከ ከሰዓት ድረስ ቆዳው አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ዋለ። ዝንብ ወረረው። ሲመሽ የስብሰባውን ውሳኔ ሁሉም ረሳና ቆዳውም አንጀቱም ሰኮናውም ገደል ገባ። እኔም የበጋችንን ቆዳ ይዤ ስወርድ ሻምበል አዩኝ። ምንም አላሉም። ምን እንደምላቸው አላውቅም ነበር።

ሁለት ሰዓት ላይ እናቴ ለሻምበል ዶሮ ወጥ በሳህን፣ እንቁላሉን ሁለት አድርጋ ላከችኝ። ጥበቃ ቤታቸው በር ላይ በርጩማ ሰጡኝ። አንድ ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሱኝ። ከገደሉ ድምፅ ተነሳ። አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከታች። ውሾቹ ገና ዝም ብለዋል። እንደ ልማዴ አቅጣጫውን በጭንቅላቴ እየመዘገብኩ ነበር።

ሻምበል ሁለተኛውን ጉርሻ በአየር ላይ ያዝ አደረጉ።

ሦስተኛው ድምፅ ከቋጥኙ በኩል መጣ። ከታች ጀመረ፣ እየተሳበ ወጣ፣ መሀል ላይ ተሰበረ።

«ፈሰከች» አሉ። ጋቢያቸውንም አስተካከሉ።